ኮምቦልቻ፣ ግን የትኛው?

«የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከሐረር ወዲያ ኮምቦልቻ ላሉ ዘመዶቼ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ ከአዲስ አበባ አስጭኜ ነበር። ካርቶኑ ላይ ‹ኮምቦልቻ› ብዬ ስምና ስልክ ጻፍኩ፤ ፓምፑ ወሎ ኮምቦልቻ ወረደ። የጉድጓዱን ቦታ ቀያሹ በቁጥር ጽፎ ሰጥቶኝ ስልኬ ካርታ ላይ ሳስገባው ደግሞ ወለጋ አሳየኝ። ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? ኤረርና ባቢሌም ከአንድ በላይ ናቸው ይባላል፤ እንዴት ነው የሚለዩት?»

የሁለቱም ስህተት ምንጩ አንድ ነው፤ ስሙ ያለ ወረዳው፣ ቁጥሩ ያለ ካርታ ዞኑ ተሰጥቷል። በአገራችን ብቻውን ቆሞ አንድን ቦታ ብቻ የሚያመለክት ስም ብዙ አይደለም፤ በሐረርጌ በኩል ደግሞ ይብሳል። ወደ ምክንያቱ ከመግባታችን በፊት ግን ፓምፑን እናስመልስ፤ መጋዘን ውስጥ ያደረ ዕቃ በየቀኑ ሂሳብ ሊቆጥር ይችላል።

የጭነቱ ውል ያለው በአጓጓዡና ዕቃውን ባስረከበው ሰው መካከል ነው። ስለዚህ ወሎ ያለው ቅርንጫፍ የእርስዎን የስልክ ቃል ብቻ ሰምቶ ዕቃውን ወደ ሌላ ከተማ ባይልክ ልክ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ያስጫነው ሰው የጭነቱን ደረሰኝ ይዞ ይሂድና መድረሻው እንዲቀየር በጽሑፍ ይጠይቅ። ጽሑፉ ላይ የደረሰኙ ቁጥር፣ የካርቶኑ ብዛት፣ ክብደቱ፣ አዲሱ መድረሻና የተቀባዩ ስም እስከ አያት ይግባ። የመመለሻውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍልም እዚያው ይጻፍ፤ ይህ ካልተጻፈ ዕቃው ሐረር ከደረሰ በኋላ መውሰጃው ላይ ክርክር ይነሣል። ከወሎ ከመነሣቱ በፊት ካርቶኑ በአራቱም ጎን ፎቶ እንዲነሣ ይጠይቁ። ፓምፕ ወድቆ ዘንጉ ቢጣመም ከውጭ አይታይም፤ ጉዳቱ በየትኛው ጉዞ ላይ እንደደረሰ የሚመሰክረው ፎቶው ብቻ ነው።

የመመለሻው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በአዳማ በኩል መምጣት ነው። ሌላው በባቲ ወደ ሚሌ ወርዶ፣ አዋሽ ደርሶ ወደ ምሥራቅ መታጠፍ ነው። ካርታ ላይ ሁለተኛው ያጓጓል። ነገር ግን አንድ ካርቶን ብቻ ለመላክ አዋሽ ላይ የሚያቀባብል ሰው ያስፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ ዕቃው ያለ ባለቤት መንገድ ዳር ሊያድር ይችላል። ሙሉ መኪና ካልተከራዩ በስተቀር በአዲስ አበባ በኩል ይምጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የወሎውም መኪና በአዋሽ በኩል ሊያልፍ ስለሚችል «አዋሽን አልፌያለሁ» የሚል የሹፌር ቃል ዕቃው ወደ እናንተ እየመጣ መሆኑን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው ጭሮ ነው። ጭሮ ከደረሰ ወደ ሐረርጌ ገብቷል። (ጭሮ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ ናት፤ አንዳንድ አሮጌ ደረሰኝ አሁንም በቀድሞው ስም ይጽፋታል።)

አሁን ወደ ስሙ። ኮምቦልቻ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፤ በአማርኛ አጣጥ የምንለው። አጣጥ በብዙ ደጋና ወይና ደጋ ስለሚበቅል ስሙም በብዙ ቦታ መገኘቱ አይገርምም። የምዕራብ ሐረርጌዋ በደሳም ከዛፍ ነው የተሰየመችው፤ ዶቅማ ማለት ነው፤ ወላይታ ውስጥም በዴሳ የሚባል ከተማ አለ። ጃርሶ ደግሞ የጎሳ ስም ነው። ሰው ሲሰፍር ስሙን ይዞ ስለሚሰፍር አንዱ ጃርሶ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ሌላው ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ይገኛል። ቀርሳም ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ አለ፣ ጅማ ዞን ውስጥም አለ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቱት ግን ሙሉ ስም ሳይሆኑ የስም ግማሽ የሆኑት ቃላት ናቸው። ድሬ ሜዳ ነው፤ መልካ የወንዝ መሻገሪያ፤ ለጋ ወንዝ፤ ገንደ መንደር፤ መጋላ ገበያ ወይም ከተማ። ድሬዳዋ ውስጥ «ድሬ» ያለ ሰው ከተማውን ማለቱ ነው፤ ማንም አይሳሳትም። ከከተማዋ ሲወጡ ግን ቦረና ውስጥ ድሬ ወረዳ አለ፤ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጥ ድሬ ግድብ አለ፤ በማሊ ኒጀር ወንዝ ዳር ያለችው ከተማም ድሬ ናት። የስልክ የአየር ጠባይ መተግበሪያ «ድሬ» ብቻ ሲጻፍለት የማሊዋን ቢያመጣ ጥፋቱ የመተግበሪያው አይደለም። ሐረሪ ክልል ውስጥ ደግሞ ድሬ ጥያራ የሚባል ወረዳ አለ፤ ቃል በቃል የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሰምቶ የድሬዳዋ አየር ማረፊያ መስሎት ቢሄድ አይፈረድበትም፤ በመካከላቸው ግን የደንገጎ ዳገት አለ። «ዳዋ»ም ብቻውን ሲጻፍ በደቡብ ያለው ወንዝና ሶማሌ ክልል ውስጥ በስሙ የተሰየመው ዳዋ ዞን ነው።

በከተሞቹ ውስጥም ያው ነው። ድሬዳዋ ላይ መጋላ ከደቻቱ ወዲያ ማዶ ያለው የከተማው ክፍል ነው፤ ከዚራና አሮጌው የባቡር ጣቢያ ከወንዙ ወዲህ ናቸው። ሐረር ላይ ግን «መጋላ ጠብቀኝ» የተባለ ሰው የትኛው መጋላ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ፈረስ መጋላ አለ፣ ግድር መጋላ አለ፤ ሁለቱም ጀጎል ውስጥ ናቸው። ለገሃርና ለገሃሬም በስልክ አይለዩም። የአዲስ አበባው ለገሃር ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ፣ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የድሬዳዋው ለገሃሬ መጨረሻ ላይ «ሬ» አለው፤ በኦሮምኛ ለጋ ወንዝ፣ ሐሬ አህያ ነው። ድሬዳዋም የባቡር ከተማ ስለሆነች አዲስ አበባ ያለ ላኪ ለገሃሬን ሰምቶ «ጣቢያው ጋ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አዲስ ከተማም በሁለቱም ከተሞች አለ። ስለዚህ የሰፈር ስም ሲሰጡ የከተማውን ስም ሁልጊዜ አስቀድሙ።

ኤረርን ለየብቻ ማየት ይገባል፤ በአካባቢያችን የዚህን ያህል የሚያደናግር ስም የለም። የመጀመሪያው ኤረር ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ፣ በአሮጌው የባቡር መስመር ያለችው ከተማ ናት፤ ፍል ውሃ ያላት፣ ሰው ኤረር ጎታ የሚላት። ሶማሌ ክልል፣ ሲቲ ዞን ውስጥ ናት። ሁለተኛው ከሐረር በስተ ምሥራቅ ያለው ሸለቆና ወንዝ ነው፤ ሐረሪ ክልል ውስጥ በዚሁ ስም የተሰየመ ወረዳ አለ፤ የጀጎሉ ኤረር በርም የሚያወጣው ወደዚያ ነው። ይህ ወንዝ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። ሦስተኛው ኤረር ዞን ነው፤ ሶማሌ ክልል ውስጥ፣ ቀድሞ ፊቅ ኋላም ኖጎብ ይባል የነበረው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ «ኤረር» ሲባል «የረር» ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ የረር በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለው ተራራ ነው፣ በስሙ የሚጠራ ሰፈርም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። እንግዲህ «ለኤረር ጤና ጣቢያ» ተብሎ የተጫነ መድኃኒት በሦስት የተለያዩ አቅጣጫዎች ሊሄድ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ የባቡሩን «ኤረር ጎታ፣ ሲቲ ዞን» ይበሉ፤ የሐረሩን «ኤረር ወረዳ፣ ሐረሪ ክልል»፤ ሦስተኛውን «ኤረር ዞን» ብለው ወረዳውን ይጨምሩ።

ባቢሌና ጉርሱም ከዚህ ይለያሉ። ኤረሮቹ የተራራቁ ቦታዎች ናቸው፤ እነዚህ ግን ጎን ለጎን ናቸው። ባቢሌ የሚባል ወረዳ በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ አለ፤ በሶማሌ ክልል ፋፈን ዞንም አለ። ጉርሱምም እንዲሁ በሁለቱም ክልሎች አለ፤ የኦሮሚያው ዋና ከተማ ፉኛን ቢራ፣ የሶማሌው ቦምባስ ነው። እዚህ ላይ መንገድና ርቀት አይለዩልዎትም፤ ሁለቱም ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው በኩል ናቸው። የሚለየው ክልሉ ብቻ ነው። የክልል ስም ሳይጻፍ የተላከ የፍርድ ቤት መጥሪያ ወይም የልደት ማስረጃ ጥያቄ ጎረቤት ወረዳ ገብቶ «እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም» ተብሎ ይመለሳል፤ ባለጉዳዩም ማስረጃው የጠፋ ይመስለዋል። መልሱን ከማመንዎ በፊት ማኅተሙ ላይ ያለውን የክልል ስም ያንብቡ።

«ሐረር» የሚለው ስም ራሱ አራት ነገር ይሸከማል፤ ከተማውን፣ ሐረሪ ክልልን፣ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞንን መቀመጫ፣ በድሮው አጠራር ደግሞ ክፍለ ሀገሩን። የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን የኦሮሚያ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻ ጉዳይ ይዘው ሐረር ሲሄዱ ወደ ሐረሪ ክልል ቢሮ ከገቡ ጉዳዩ እዚያ አይታይም፤ ወደ ዞኑ ጽሕፈት ቤት ነው የሚሄዱት። በድሮ ሰነድ ላይ «የትውልድ ቦታ፦ ሐረር» ተብሎ ከተጻፈ ባለቤቱ ጭሮ ወይም ጅጅጋ የተወለደ ሊሆን ይችላል፤ ከቀጥሎ ያለውን የአውራጃ ስም ይፈልጉ። ድሬዳዋ ለምሳሌ የኢሳና ጉርጉራ አውራጃ ሥር ነበረች። ከዚያም ቀድሞ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሐረር መውጣት ሳይችል ከተራራው ግርጌ ሲቆም፣ አዲሱን ከተማ «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ላይ «አዲስ ሐረር» ካዩ ድሬዳዋ ናት፤ ሐረር ውስጥ ሰፈር እየፈለጉ አይድከሙ።

ስሙ አንድ ሆኖ ቦታው ብዙ እንደሚሆን ሁሉ ቦታው አንድ ሆኖ ስሙ ብዙ የሚሆንበትም አለ፤ የጀጎል አምስቱ የጥንት በሮች ዋነኛ ምሳሌ ናቸው። አስመዲን በሪና ሸዋ በር አንድ ናቸው። በድሮ በሪ ቡዳ በር ነው፤ ሱቁታት በሪ ሰንጋ በር፤ አርጎብ በሪ ኤረር በር፤ አሱም በሪ ፈላና በር። ዕቃ ሲልኩ ሁለቱንም ስም ይጻፉ፤ የባጃጁ ልጅ አንዱን፣ ተቀባይዋ እናት ሌላውን ሊያውቁ ይችላሉ።

አሁን አድራሻው እንዴት ይጻፍ? ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ ከዚያም የሚወርድበት ከተማ ለብቻው። የእርስዎ ካርቶን እንዲህ ቢጻፍ ኖሮ አይሳሳትም ነበር፦

መውረጃ፦ ሐረር ከተማ
መሄጃ፦ በጭሮ፣ በደንገጎ
የተቀባይ አድራሻ፦ ኦሮሚያ ክልል፣ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን፣ ኮምቦልቻ ወረዳ፣ ቀበሌ ...
ተቀባይ፦ ስም ከነአያት፣ ሁለት ስልክ

«መውረጃ» የሚለው ከሁሉ ተልቆ ይጻፍ። ጫኝና አውራጅ በጨለማ መጋዘን ውስጥ የሚያነበው አንድ ቃል ነው፤ ያ ቃል «ሐረር» መሆን አለበት እንጂ «ኮምቦልቻ» መሆን የለበትም። ኮምቦልቻ ከሐረር በስተ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከሐረር ወዲያ ዘመዶችዎ ራሳቸው ይወስዱታል። ብዙ ሰው ከተሳሳተ በኋላ «ወሎ አይደለም!» ብሎ በቀይ ይጽፋል፤ ይህን አያድርጉ። ከሩቅ የሚነበበው «ወሎ» ነው፤ ዕቃውም እዚያው ይሄዳል። የማይሄድበት ቦታ ስም ካርቶኑ ላይ ጭራሽ አይኑር። አሁን ከወሎ ሲመለስም አሮጌው ጽሑፍ ላይ ወረቀት ይለጠፍበት፤ በመስመር መሰረዝ አይበቃም።

ሌላ ቀላል ማጣሪያ የመደበኛ ስልክ መነሻ ቁጥር ነው። ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጭሮና ጅጅጋ 025 ናቸው፤ ወሎ 033፣ ጅማ 047፣ ወለጋ 057 ነው። የወረዳው ወይም የትምህርት ቤቱ መደበኛ ስልክ በ033 ከጀመረ የያዙት የወሎውን ኮምቦልቻ ነው። የእጅ ስልክ ግን ምንም አይነግርዎትም፤ ካርቶኑ ላይ የነበረው ስልክ ያላዳነዎትም ለዚህ ነው።

አውሮፕላንን በተመለከተ አጭር ነው። ሐረር የራሷ መደበኛ በረራ የላትም፤ ሰው የሚያርፈው ድሬዳዋ ነው፤ የትኬት ምልክቱም «ዲ አይ አር» ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሐረርን ስም ጽፎ «ኤች አር ኢ» ከመጣለት የዚምባብዌዋን ሐራሬን ነው የያዘው፤ እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ሶልስበሪ ትባል የነበረችውን። «ዲ ኤስ ኢ» ደግሞ የወሎው ኮምቦልቻ ነው።

የቀያሹ ቁጥር ላይ እንምጣ፤ ይህ ከስሙም ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቁጥር እርግጠኛ ስለሚመስል ማንም አይጠራጠረውም። ቀያሾች የሚጠቀሙበት «ዩ ቲ ኤም» የሚባለው ሥርዓት ዓለምን በ6 ዲግሪ ስፋት በዞን ይከፍላታል። በእያንዳንዱ ዞን ቁጥሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ቁጥር በየዞኑ አንድ አንድ ቦታ አለው። ይህም ያው የስም መመሳሰል ነው፣ በአኃዝ የመጣ። ዞን 37 ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ዞን 38 ከ42 እስከ 48 ነው። የ42 ዲግሪ መስመር የሚያልፈው ደግሞ በድሬዳዋና በሐረር መካከል፣ ከደንገጎ አልፎ ሐረማያ ግድም ነው። ድሬዳዋ በዞን 37፣ ሐረርና ኮምቦልቻ በዞን 38 ናቸው።

የእርስዎ ጉድጓድ ቁጥር ወደ ምሥራቅ 184,000፣ ወደ ሰሜን 1,044,000 ግድም መሆን አለበት። ይህን ቁጥር ስልኩ በዞን 37 ካነበበው ከነቀምት ሰሜን ምዕራብ፣ ወለጋ ላይ ያርፋል፤ ከትክክለኛው ቦታ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሆነውም ይኸው ነው። ስልክዎ ድሬዳዋ ላይ ሲሠሩበት 37ን ይዞ ቀርቷል፤ ዞኑን 38 አድርገው ቁጥሩን እንደገና ያስገቡት። በተቃራኒው የድሬዳዋ ቁጥር፣ ወደ ምሥራቅ 813,000 ግድም፣ በዞን 38 ቢነበብ ወደ ሶማሊያ ይሻገራል።

የመጀመሪያውን አኃዝ በማየት ብቻ መለየት ይቻላል። በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ የምሥራቁ ቁጥር በ8 ከጀመረ ዞን 37፣ በ1 ወይም በ2 ከጀመረ ዞን 38 ነው። አንዳንድ ቀያሽ ሥራው በሁለት ዞን እንዳይከፈል ብሎ 37ን እስከ ሐረር ይጎትተዋል፤ ያኔ ሐረር 842,000 ግድም ይሆናል፤ ስህተት አይደለም፣ ግን ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ሌላው «አዲንዳን» የሚባለው የአገራችን የቆየ የካርታ መሠረት ነው፤ ስልክ የሚጠቀመው «ደብሊው ጂ ኤስ 84» ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ለመንደር ይህ ምንም አይደለም፤ ለጉድጓድ ግን የጎረቤት ማሳ ላይ መቆፈር ነው።

በዲግሪ ከተሰጠዎትም ሁለት ወጥመዶች አሉ። ኮምቦልቻ 9 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ላይ ናት፤ ይህን 9.26 ብለው ካስገቡት 19 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወርዶ ከሐረር ባሻገር ይጥልዎታል። ደቂቃውን ለ60 አካፍለው 9.43 ያድርጉት። ሁለተኛው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ 42ን አስቀድሞ 9ን ያስከተለ ሰው የሚያገኘው ሜዲትራኒያን ላይ ያለችውን የፈረንሳይ ደሴት ኮርሲካን ነው። ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ካለ 11 ሜትር፣ አምስት ካለ 1 ሜትር ገደማ ድረስ ይለያል፤ ለጉድጓድ አምስት ይጠይቁ።

ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር ቀያሹን ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስሞሉት፤ ዞኑ 37 ነው ወይስ 38፣ መሠረቱ አዲንዳን ነው ወይስ ደብሊው ጂ ኤስ 84፣ እና ከጉድጓዱ በዓይን የሚታይ አንድ ቋሚ ምልክት፣ ለምሳሌ የመስጊድ ጥግ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ከነርቀቱ በሜትር። ከዚያ ከዘመዶችዎ አንዱ ስልኩን ይዞ ያ ምልክት አጠገብ ይቁምና ስልኩ የሚያነበውን ቁጥር ይላክልዎ። የእሱና የቀያሹ ነጥብ ከተጻፈው ርቀት ጋር ከተስማሙ ፓምፑ ሲደርስ መቆፈሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።